ከሦስተኛ ክፍል ወደ ጽሕፈት ቤቱ

ለውድ እህቴ ለቨርና፤

እንደምን ከርመሻል እታለሜ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? አላስካ በረዶው መሟሟት ሲጀምር መንገዱ ይብስ እንደሚያንሸራትት ነግረሽኝ ነበርና፣ ከቤት ስትወጪ ሁሌ አስብሻለሁ። ሮይስ ማታ ማታ ያስለው የነበረው ተሻለው? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። የባለቤቴ የሌላንድ ወገብ እንደዚያው ነው፤ ጠዋት ተደግፎ ይነሳል፣ ከቀትር በኋላ ትንሽ ይሻለዋል። ጋራዡ ካሰናበተው ወዲህ ቤት ነው የሚውለው።

በስልክ አዲሱ ሥራ እንዴት ነው እያልሽ ስትጠይቂኝ ከ"ጥሩ ነው" ሌላ ቃል አልወጣኝም። ለጎረቤቱ ሁሉ ታናሽ እህቴ ዳይሬክተር ሆነች እያልሽ እንደምታወሪ ሮይስ አጫውቶኛል። ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ ልንገርሽ ብዬ ነው።

የትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ሚስተር ስትራውድ ያስጠራኝ ዓምና ልክ በዚህ ወቅት ነበር። ያኔ ሦስተኛ ክፍሌ ውስጥ ሠላሳ አራት ልጆች ታጭቀውብኝ ነበር። ረዳቴ ግሌንዳ ታኬት ባትኖር ኖሮ ግማሾቹ ማንበብ ሳይለምዱ ዓመቱ ያልቅ ነበር። ግሌንዳን አታውቂያትም። ያኔ ቀን ከእኔ ጋር ትውል ነበር፣ ማታ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። የዓመት ደሞዟ ለስትራውድ ለመኪናና ለስልክ ብቻ ከሚሰጠው አበል ያንስ ነበር፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይገረምበትም።

ስትራውድ አዲስ የሥራ መደብ መከፈቱን ነገረኝ፤ "የማስተማር ቅንጅት ዳይሬክተር" ይባላል። ሥራው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው እየሠራሽ ታገኚዋለሽ አለኝ። ደሞዙ የአስተማሪነቱ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ቤት ገብቼ ሌላንድን ባማክረው፣ "ደስ እንዳለሽ" አለና ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ። በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ወገቡ ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል ብሎት ነበር። ፈረምኩ።

ጽሕፈት ቤቱ ልጅ ሆነን ቦውሊንግ እንጫወትበት የነበረው አዳራሽ ነው፤ ምንጣፍ አነጠፉበት፣ በመስታወት ከፋፈሉት። እኔ የማቀርበው ሪፖርት ለምክትሉ ረዳት ነው፤ እሷ ለምክትሉ፣ ምክትሉ ለስትራውድ። ቀኑ በስብሰባ ያልቃል፤ ለስብሰባው መዘጋጃ የሚሆን ስብሰባም አለ። ሁሉም ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ የልደት ቀንሽን አይረሱም። በመጀመሪያው ወር ቁጭ ብዬ ደሞዝ መብላቴ ያሳፍረኝ ነበር። ኋላ ማፈሩም ተወኝ።

ከገና በኋላ የግዛቱ መንግሥት በጀት ቀነሰና ተሰበሰብን። ጠረጴዛውን ከከበብነው ሰዎች የማንኛችንም መደብ ስሙ አልተነሳም። የክፍል ረዳቶቹ ይሂዱ ተባለ። ስትራውድ፣ ናዲን ክፍል ውስጥ የኖረች ስለሆነች ለትምህርት ቦርዱ እሷ ብትናገር ያምኗታል አለ። ጽሑፉን ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ሰጠኝ። ቦርዱ የተቀመጠው በትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ነው፤ ወላጆችም ረዳቶቹም መጥተዋል። ተነሳሁና፣ የረዳቶች መኖር ለልጆች ውጤት ወሳኝ አለመሆኑን ከልምዴ አውቃለሁ ብዬ አነበብኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም እታለሜ። ግሌንዳ ካፖርቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጠኝ ነበር።

ስወጣ መኪናዬ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝም ይሻለኝ ነበር።

"ኦፓል ስትወድቅ ማን በጎኗ ያስተኛታል?" አለችኝ።

ኦፓል ዘንድሮ እኔ ወደተውኩት ክፍል የገባች፣ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ናት። ግሌንዳ ስለ እሷ ብዙ አጫውታኛለች።

"መመሪያ እየተዘጋጀ ነው" አልኳት።

"ይሄን አፍ ከየት አመጣሽው፣ ናዲን?" አለችና ወደ መኪናዋ ሄደች።

አሁን ቀኑንም ማታውንም ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ናት። እሷ ካለችበት ሌላ መስመር መሰለፍ ይብስ ያሳጣኛል ብዬ እሷው ጋ እሰለፋለሁ። እቃዬን እያሳለፈች ከረጢት እፈልግ እንደሆነ ትጠይቀኛለች፣ አልፈልግም እላታለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የሦስተኛ ክፍሏ አስተማሪ ሥራውን ጥላ ሄደች፤ በእኔ ቦታ የተቀጠረችው ልጅ ናት። ተተኪ ጠፋና የማስተማር ፈቃድ ያለን የጽሕፈት ቤት ሰዎች ተጠየቅን። እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ጥቁር ሰሌዳዬ፣ መስኮቱ፣ የሚንቋቋው ወንበር ሁሉም እዚያው ናቸው። የኦፓል እናት ከኋላ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋን ትታ በየቀኑ እዚያ ነው የምትውለው፣ ልጅቷ ብትወድቅ የሚያነሳት ስለሌለ። ሰላም አልኳት፣ አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ።

ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፍኩና እንደ ድሮው ልቤ እስኪሞቅ ጠበቅሁ። መቀነስ አስተማርኳቸው። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ እኔ ግን ሳላስበው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይ ነበር። አንዲት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ እጇን አወጣች።

"አስተማሪያችን እስክትመጣ ነው እዚህ ያለሽው?"

"አዎ" አልኳት።

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"እየተፈለገች ነው።"

የኦፓል እናት እጇን ከሹራቡ ላይ አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች።

በማግስቱ ቢሮዬ ተመለስኩ። አርብ ዕለት የከርሞው ውል መጣልኝ፤ ሳላነበው ፈረምኩት። የሌላንድ ኦፕሬሽን በሰኔ ነው። ለጎረቤቶችሽ ያወራሽውን አታፍርሺው፤ ዳይሬክተርነቴ እውነት ነው።

ሮይስ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ንገሪልኝ። ትልቁን ልጅሽን ዴልን፣ ሚስቱንም ሰላም በይልኝ፤ ትንሿን ዊኒን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ሌላንድ ሰላም ብሎሻል፣ እንቅልፍ ሳይወስደው በፊት ነው ያለኝ። አንቺ ራስሽን ጠብቂልኝ።

ታናሽ እህትሽ ናዲን

ኩፐር ፎርክ፣ ኦክላሆማ
ኤፕሪል 14 ቀን 2019