አባት አሟቸዋል

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14፣ 2006

ግድግዳ ላይ ሰቅሏቸዋል። ከእኔ ቁመት አስበልጦ አሳትሞ።

ጠዋት ከቢሮው ፊት ለፊት ያለው አዳራሽ ስገባ ቤርቲል መሰላል ላይ ቆሞ የፎቶውን ጠርዝ ያቃናል። «ቀጥ ብሏል?» አለኝ። አለቃዬ ነው፤ የአንዲት ትንሽ አስጎብኚ ድርጅት ባለቤት፣ ፎቶ አንሺም ነኝ ባይ። ሚያዝያ ላይ ስምንት ስዊድናውያን ይዘን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ስንወርድ እሱ መሪ፣ እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ተራራ ላይ፣ በድንጋይ ካብ በታጠረች መንደር ሦስት ቀን ተቀመጥን። የመንደሯን ስም እዚህም አልጽፈውም።

ፎቶው ላይ ያሉት ያደርንበት ግቢ አባት ናቸው። ከቤተሰባቸው በቀር ማንም ሊያያቸው አይገባም ነበር። ምን እንደሚታይም አልጽፍም።

ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ይከፈታል፤ እዚሁ ስዊድን፣ ሶደርማልም በሚባለው ሰፈር፣ በዚሁ አዳራሽ ውስጥ። ከፎቶው ሥር ሁለት ጽሑፍ ተለጥፏል። አንደኛው «መንደርን በአክብሮት ለመጎብኘት» ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ስሜ የለም። ሁለተኛው ሁለት መስመር ነው፦ እኚህ ሰው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፣ ቤተሰቡ ግን «ታመዋል» ይላል። ምንጭ፦ አስተርጓሚያችን ፌቨን። እዚህ ላይ ስሜ አለ።

«አውርደው» አልኩት።

«ለምን? በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጠው ነው።»

«ማን ፈቀደልህ?»

ከመሰላሉ ወረደ። ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ፌቨን፣ ሰውዬው እኮ ሞቷል። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

እኔ!

ረቡዕ

ማንም የማያነበው ደብተር ስለሆነ እውነቱን ልጻፈው።

በዚያ ተራራ የአንድ ትልቅ ቤት አባት ሲያርፍ አረፈ አይባልም። «አሟቸዋል» ነው የሚባለው። ለዓመታት። አይቀበሩም፣ ቤታቸው ውስጥ ናቸው፤ ምግብ ይቀርብላቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት የሚያልፈው ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «አባት እንዴት አደሩ?» ይላል። ባለቤታቸው «ዛሬ ይሻላቸዋል» ይላሉ፤ ወይም «ሌሊት አልተኙም»። የሚተካቸው ልጅ እስኪጸና ነው፣ መሬቱም እንዳይደነግጥ። ቀኑ ሲደርስ ብቻ ይለቀሳል።

መምህር ዳዊት፣ የመንደሩ ተወላጅ፣ ከእነሱ ቋንቋ ወደ አማርኛ ይመልስልኝ ነበር፤ እኔ ከአማርኛ ወደ ስዊድንኛ። በመጀመሪያው ቀን የነገረን ይህን ብቻ ነው፦ «አባት አሟቸዋል። በጓሮ በኩል አትሂዱ።» ሌላ አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንብቤዋለሁ። ገባኝ። ዝም አልኩ፤ እንደ መንደሩ ሰው ጠዋት አጥሩ ጋ ቆሜ በእነሱ ቋንቋ «አባት እንዴት አደሩ?» አልኩ። እናት፣ ባለቤታቸው፣ እጄን ይዘው ሳቁ። በማግስቱ በመምህሩ በኩል፦ «ትናንት ማታ ስምሽን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው» አሉኝ።

አባት ስሜን ጠይቀዋል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእማዬም።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ስንበላ ቤርቲል አዘነ። «ሻንጣዬ ውስጥ አንቲባዮቲክ አለ፣ ለሽማግሌው ብንሰጣቸውስ?» አለ። ከልቡ ነበር፤ ይህንንም ልጻፍለት። እኔ ግን ሳቅኩ። «መድኃኒት አይጠቅማቸውም» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ያነበብኩትን፣ ልማዱን፣ ምክንያቱን። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስምንቱም ማኘክ አቁመው ያዳምጡኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቤርቲል «ሴቶቹ ጋ ተቀመጪ፣ ስለ ሽመናው ጠይቂልን» አለኝ። ተቀመጥኩ። እናትን አንድ ሰዓት ሙሉ በወሬ ያዝኳቸው። እሱ ካሜራውን ይዞ በጓሮ ዞረ። እኔን መጋረጃ አድርጎ!

ለጎብኚ የጻፍኳቸው ደንቦች፦ ሳይጠሩ አይግቡ። የተሰጠዎት ቦታ ላይ ይቀመጡ። ለልጆች ከረሜላ አያድሉ። ያልተነገረዎትን አይጠይቁ።

የሚያውቁትን አይናገሩ የሚል የለበትም።

ሐሙስ

ሱንድቢበሪ የሚባለው ሰፈር፣ ጋሼ መስፍን ቤት። በተማሪነት መጥተው እዚሁ ፕሮፌሰር ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ማስተርሴን ስጽፍ ያረሙልኝ። በሩን እንደከፈቱ፦ «ፊትሽ የቀረጥ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ፊት ነው» አሉኝ።

የሥራ ውሌን ይዤ ሄጄ ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት። በጉዞ ላይ የተነሣ ፎቶ ሁሉ የድርጅቱ ነው ይላል። ፈርሜበታለሁ።

«በሕግ ምንም የለሽም።»

«በሕግ አልመጣሁም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ በምን መጣሽ?»

«በንዴት።»

ሳቁ። ከዚያ የማልጠብቀውን ተናገሩ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው አምኖ የነገረኝን እያሳተምኩ ነው ለጡረታ የበቃሁት። አንዳንዱ መጽሐፌን ቢያይ በሩን የሚዘጋብኝ ነው። ደግነቱ ስዊድንኛ አያነቡም።» በቀልድ ነው የጀመሩት፤ ሲጨርሱ ግን ቀልድ አልነበረም።

«እርስዎ ነገሯቸው?»

«ለማን?»

«ለሰዎቹ።»

ሻዩን አማሰሉ። ስኳር እንደማይጨምሩ አውቃለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ከፈረንጁ ጋር መጣላት ቀላሉ ነው። አንቺ ደግሞ ጠብ ትወጃለሽ። ለእነሱ መንገር ግን...» አልጨረሱትም።

ስመለስ በከተማው ባቡር፣ በፔንደልቶጉ ነበርኩ፤ ውጭው ገና በቀን ጨልሟል። መስኮቱ መስታወት ሆኖ ከኋላዬ አንድ የተጠቀለለ ነገር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አየሁ። ዞርኩ። ምንጣፍ ነው። አንድ ሰውዬ የገዛውን ምንጣፍ ወንበር ላይ አስቀምጦ በእጁ አቅፎታል። ሲያየኝ ፈገግ አለ። እኔ ወርጄ የሚቀጥለውን ባቡር ጠበቅኩ።

ዓርብ

ከማክሰኞ ጀምሮ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የራሴ አፍ ነው። ከመንቃቴ በፊት በእነሱ ቋንቋ «እንዴት አደሩ» ይላል። ዛሬ እማዬ በር ላይ ቆማ ሰማችኝ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ቁርስ ላይ ነገርኳት። አባት ስሜን ጠየቁ ያሉትን ሳልጨምር።

«የሞተን ሰው እንዴት አደሩ ስትዪ ነበር? በኢየሱስ ስም!» እጇን ራሴ ላይ ጫነች። ቁርሴን አስቋርጣ ጸለየችልኝ። የቤተ ክርስቲያን እህቶችን ልትጠራ ስልኩን ስታነሳ ቀማኋት።

«እማዬ፣ አያቴ ስትሞት አንቺ ስንት ወር ተደበቀብሽ?»

እዚህ ሁስቢ ሰፈር፣ በዚሁ ቤት፣ አራት ወር ተደብቆባታል። አዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ትንሽ አሟታል፣ ተኝታለች» ይሏት ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም።

«ያ ሌላ ነው» አለች። ከዚያ የቁርሱን ሳህን እያነሳች፦ «እኔ እኮ አውቄ ነበር። እስካልነገራችሁኝ ድረስ አልሞተችም ብዬ ነው።»

እዚህ አገር ዐሥራ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

ከሰዓት ቢሮ። ለቤርቲል እንዲህ አልኩት፦ ካላወረድከው ነገ እፊቱ እቆማለሁ፤ እንዴት እንዳነሳኸው ለገባው ሁሉ እናገራለሁ። የቢሮውን ቁልፍ ጠየቀኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት፣ አላስቀመጥኩለትም። ሥራ የለኝም።

ቅዳሜ

ቆምኩ። ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ ጀርባዬን ለፎቶው ሰጥቼ፣ ጥቁሩን ረጅም ኮቴን ለብሼ፣ ኮቱን በሁለት እጄ እንደ ክንፍ ከፍቼ።

ሌሊቱን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ መብት፣ ስለ ካሜራ፣ ስለ ውሸት። የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት መጥተው ፊቴ ሲቆሙ ንግግሩ ጠፋ። ሌላ ነገር አፌ ላይ መጣ፤ በስዊድንኛ፣ በጨዋ ድምፅ፦

«ይቅርታ፣ አባት አሟቸዋል። ዛሬ እንግዳ አይቀበሉም።»

ሰዎቹ ተያዩ። ሚስትየው «አዝናለሁ» አለችና ባሏን ጎትታ ወደሚቀጥለው ፎቶ ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ይህንኑ አልኩ። አንዳንዱ የኤግዚቢሽኑ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። አንድ ወጣት ከትከሻዬ በላይ ሊያይ ሲንጠራራ አብሬው ተንጠራራሁ። ቤርቲል መጥቶ ጆሮዬ ሥር፦ «ራስሽን እያዋረድሽ ነው። ፖሊስ ልጥራ?» አለኝ።

«ጥራ። እሱንም አባት አሟቸዋል እለዋለሁ።»

አልጠራም። ሰው ፊት አይጮህም፤ ይህን አውቅለታለሁ።

አንዲት አዛውንት ስዊድናዊት በምርኩዝ መጡ። የምለውን ሰምተው ሲያበቁ አልሄዱም።

«ከታመሙ ቆዩ?» አሉኝ።

«ቆዩ።»

«ማን ያስታምማቸዋል?»

«ባለቤታቸው።»

«ከባድ ነው» አሉ። «እኔ ሁለት ዓመት አስታምሜያለሁ።» ወንበር ስበው ከአጠገቤ ተቀመጡና ፊታቸውን እንደ እኔ ወደ ሰው አዞሩ። አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አላዩም። እስኪዘጋ ተቀመጡ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሲዘጋ ቤርቲል መሰላሉን አምጥቶ አወረደው። «ሰኞ መልሼ አልሰቅለውም። ሰለቸኝ» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ አቆመው።

አሸነፍኩ። በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባና ውስጥ፣ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ አዳራሹ በር ላይ ያየሁት የኤግዚቢሽኑ ካታሎግ ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ለደንበኞች በፖስታ ወጥቷል። ገጽ ዘጠኝ ላይ አባት አሉ።

ሰኞ

እሑድን ዘለልኩት። ከእማዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ዘመርኩ፣ ምንም አልሰማሁም።

ሰኞ በዚያ አገር የገበያ ቀን ነው። መምህር ዳዊት ከተራራው ወርዶ ስልክ ያለው ሱቅ ይቀመጣል። የስልክ ካርድ ገዛሁ፣ ቁጥሩን ፋቅኩ፣ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሦስተኛው ላይ ገባ።

«ፌቨን! ደህና ነሽ? ብርዱ እንዴት ነው?» ደስ አለው። ያ ደስታ!

ነገርኩት። ቤርቲል ምን እንዳደረገ ብቻ ብነግረው በቃ ነበር፤ ያምነኝ ነበር፤ ሁለታችንም እሱን ረግመን እንለያይ ነበር። አፌ እዚያ ላይ ሊያቆም ፈለገ። ካርዱ አምስት ደቂቃ እንደቀረው የተቀዳው የሴት ድምፅ ተናገረ።

«መምህር፣ ያወቀው ከእኔ ነው» አልኩ። «ምሳ ላይ። አባት እንደ...»

«ተዪ!» ጮኸ። ከዚያ በሹክሹክታ፦ «ሱቁ ውስጥ ሰው አለ። ያን ቃል እዚህ አትድገሚው።»

የበግ ድምፅ፣ የሰው ጫጫታ።

«ስንት ሰው አይቷቸዋል?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ለቤተሰቡ መናገር አለብኝ። ሐሙስ ደውዪ።»

ቻው አላለኝም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 23

ሦስት ቀን በጭንቅላቴ ሁሉንም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ቢረግሙኝ የምለው ነበረኝ። ይቅር ቢሉኝ የምለው ነበረኝ። ማካካሻ ቢጠይቁኝ፣ መጥተሽ ተንበርከኪ ቢሉኝ፣ ለዚህም ለዚያም ቃል ነበረኝ። ጋሼ መስፍን ሳይቀሩ ደውለው «ምን አሉሽ?» ብለዋል። ገና ነው ብያቸዋለሁ። ከዚያ «እኔም አንድ አድራሻ እየፈለግሁ ነው» አሉኝ።

ደወልኩ። መምህሩ ቶሎ ቶሎ ተናገረ፣ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው።

ሽማግሌዎች ሁለት ቀን ተቀምጠዋል። አባት ከዚያ ቤት ይወጣሉ። ባዳ ያያቸው ቤት ውስጥ ሕመማቸው አይቀልም። አዲስ ቤት ይሠራላቸዋል፤ እንጨት እየተቆረጠ ነው። እናትም አብረው ይወጣሉ፤ በሙሽርነታቸው የገቡበትን ቤት ይለቃሉ። የት እንደሚሠራ ለእንግዳ አይነገርም።

«ለእኔም?»

«ለእንግዳ።»

እናት ምን አሉ አልኩት። «ያ ረጅሙ ነጭ እናት አለው ወይ ብለው ጠየቁ። አላውቅም አልኳቸው። ካለችው አይመማት አሉ።»

ይህ ምርቃት ይሁን እርግማን አልጠየቅኩም።

ከዚያ የጠየቅሁት አሁን ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። «ስለ እኔስ ምን ተባለ?»

«ስለ አንቺ?» የገረመው ይመስላል። «ስለ አንቺ አልተነሳም። ሥራው ብዙ ነው፣ ፌቨን። ዝናቡ ሳይመጣ ጣሪያው መከደን አለበት።»

ስልኩን ዘግቼ ማእድ ቤት ተቀመጥኩ። እማዬ ገብታ አየችኝና መብራቱን ሳታበራ ድንች መላጥ ጀመረች። አንዱን ቢላ ወደ እኔ ገፋችው። ላጥኩ።

ቀለለኝ ወይስ ከበደኝ፣ አላውቅም። ነገ ጠዋት ሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ቀጠሮ አለኝ። የመጨረሻ ሥራሽን ለምን ለቀቅሽ ብለው ይጠይቁኛል፤ ፎርሙ ላይ ለመልሱ የተተወው አንድ መስመር ነው።