መልሱን ቶሎ አታውጪው

ለልጄ ለሰብሌ፤ ከመካነ ሰላም እስከ ሀምቡርግ የእናትሽ ምርቃት አይለይሽ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ ገብቷል፤ አባትሽም ወገቡ ተሽሎት ትናንት ገበያ ወጣ።

ልጆቹ ቅዳሜ አማርኛ ካስተማርሻቸው በኋላ የክፍሉን ዌብሳይት ዞር ብለው አያዩትም ስትዪኝ ዝም አላልሁም። በጎረቤታችን በኢልሀም ስልክ ገብቼ አየሁት፤ ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። በድምፄ የላክሁልሽን እንቆቅልሽ ከነመልሱ ለጥፈሽዋል። በእንቆቅልሽ የተሸነፈ አገር ይሰጣል፤ መልሱ ፊቱ ከተቀመጠ ማን ይሸነፋል? አንቺ ራስሽ በልጅነትሽ አጅባርን ለአያትሽ ሰጥተሽ ታለቅሺ አልነበር?

ስጨቀጭቅሽ ሰነበትሁና መልሱን ከዌብሳይቱ አነሳሽው። ይኸው «በር ሳይከፈትለት ይገባል፤ ጥርስ ሳይኖረው ይነክሳል» ብዬ እዚያው ላይ ብጠይቃቸው አንዱ እባብ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሌላው «እባብማ ጥርስ አለው» ብሎ ሞገተው። ማንም ሳያዛቸው ሳምንቱን ሙሉ በአማርኛ ሲከራከሩ ከረሙ። በመጨረሻ ትንሿ ተማሪሽ ኤልዳና «እማማ፣ አላወቅነውም፤ ሀምቡርግን ሰጥተንዎታል» አለችኝ። ከተማዋን ተቀብዬ፣ መልሱ ብርድ ነው አልኋቸው።

እንግዲህ አብሽሪ። ሰው አገር ነኝ እያልሽ አትሸማቀቂ፤ ያለሽው በእናትሽ ከተማ ነው። አደራሽን፣ የሚቀጥለውንም መልስ ቶሎ አታውጪው፤ በርሊንን አስቤያታለሁ። የዘራሽው ፊደል ይብቀልልሽ፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው። ብርዱ ግን ለእኔም አይታዘዝምና ካፖርትሽን ደርቢ።

የሀምቡርግ ባለቤት፣
እናትሽ ብርሀንነሽ