ደሟን አንፈልግብህም

ውድ ልጄ ፋሪዳ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው። ኔትወርክ ሲመለስ ደውዬልሽ ድምፅሽን ስሰማ ንዴቱ አፌን ያዘኝ። «አባባ፣ መስመሩ ተቆረጠ እንዴ?» እያልሽ ነበር። አልተቆረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ። በአፌ ያልወጣልኝን ልጻፈው።

በሬድዮ የተናገርሽ ዕለት ሱቃችንን ሰው ሞልቶት ነበር። ነርሶች በአጭር ሥልጠና ሰው የማደንዘዝ ፈቃድ ይሰጣቸው፣ አይሰጣቸው በሚለው ክርክር የማደንዘዣ ባለሙያዎች ማኅበራችሁን ወክለሽ ቀርበሻል። የጅጋ ሰው «የጠሃ ልጅ ናት» እየተባባለ ጆሮውን ጣለ። «በአጭር ሥልጠና የሰው እስትንፋስ አይያዝም። ሰው በእጃቸው ቢሞት ማን ይጠየቃል?» ስትዪ እኔም ደረቴን ነፍቼ ራሴን ነቀነቅሁ። የወንድምሽ ሚስት ሙስሊማ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ አጠገቤ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ አለችልሽ።

ምጧ ሲመጣ ልጁ አልወርድ አለ። ወንድምሽ በድሩ በርበሬ ሊጭን ቡሬ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። ሆስፒታል ያደረስናት እኔና ጎረቤታችን ቄስ አምላኩ ነን። ሆድ ቀዶ የሚያወጣው ዶክተር አለ። ክፍሉም መድኃኒቱም አለ። የሚያደነዝዘው ባለሙያ ግን አንድ ለእናቱ ነው፤ እሱም እናቱ ሞታበት ለቅሶ ሄዶ እዚያው ተዘግቶበታል። በእሱ አልፈርድም።

ስመኘው የሚባል ነርስ ግን ነበረ። አንቺ በሬድዮ የተሟገትሽበት ዓይነት ሰው ነው፤ ሥልጠናውን ጨርሶ ፈቃዱን የሚጠብቅ። ከባለሙያው ጎን ሆኖ ብዙ ሰው አደንዝዟል፤ ብቻውን ግን አይፈቀድለትም። ለምን ብዬ ያዝሁት። ብትሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ አለኝ።

ይኼማ መፍትሔ አለው አልሁ። በእኛ አገር ነፍስ ሲጠፋ ጠያቂው የሟች ወገን ነው። ወገኗ እኛ ነን፤ እኛ ከማልን ማን ይጠይቀዋል? ቄስ አምላኩ ሽማግሌ አስጠሩ። እዚያው የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆመን፣ ሙስሊማ ከውስጥ እየጮኸች፣ እኔ በአላህ፣ እሳቸው በመስቀላቸው ማልንለት።

«ብትሞት ደሟን አንፈልግብህም። ልጅ ልጃችንም አይፈልግብህም» አልነው።

እኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ፈቃድ የለም፤ ደም የተቃቡት እንኳ የሚታረቁት እንዲህ ብለው ነው። ስመኘው እንባው ወረደ።

«አባቴ፣ የእናንተን አልፈራም። የሚጠይቀኝ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ አይምልልኝም» አለ።

ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ስል ቄስ አምላኩ ያዙኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጄ፣ የልጅ እግር ልስም ነበር።

መንገዱ እስኪከፈት ጠብቀን ደብረ ማርቆስ ትልቁ ሆስፒታል ስንደርስ ልጁ ሞቷል። ማሕፀኗም በምጡ ተቀዶ ስለነበር እሱንም አወጡት። የመጀመሪያ ልጇ ነበር፤ ከእንግዲህ አትወልድም። ማርቆስ ያሉት የሚያደነዝዙት እየተሯሯጡ ተቀበሉን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አሁን አባባ አይገባህም ትዪኛለሽ። ይገባኛል! ስመኘው ቢነካት ሙስሊማም እዚያው ልትቀር ትችል እንደነበር ዶክተሩ ነግሮኛል። አንቺም አንድ ጎረምሳ ባልበሰለ እጅ ደንዝዞ እንደተኛ ሲቀር አይተሻል፤ ያን ሰሞን እህል አልቀምስ ብለሽ እናትሽን ያስለቀስሻት አልተረሳኝም። ሙግትሽ ከዚያ እንደመጣ አውቃለሁ። ግን ተመርቀሽ እዚሁ ቅርባችን ፍኖተ ሰላም ላይ ሥራ ሲገኝልሽ አሻፈረኝ ያልሽ አንቺ ነሽ። አዲስ አበባ ተቀምጠሽ ለገጠሩም ሰው ሙሉ ባለሙያ ይገባዋል ትያለሽ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የታለ ሙሉው? ወይ ነይ፣ ወይ ላኪልን፣ ወይ ያለውን አስተምራችሁ ልቀቁልን። ሦስቱንም ከልክሎ መሟገት ምን የሚሉት ሙያ ነው?

ሙስሊማ እስከ ዛሬ ስምሽን በክፉ አላነሳችም፤ ይኼ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ትናንት ፋሪዳ ለዒድ ትመጣለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ሱቁ ወጥቼ ወረቀት ፈለግሁ።

ነይ። ቤቱ ቤትሽ ነው፤ በሩን አልዘጋብሽም። ግን በሬድዮ ሰው በእጃቸው ቢሞት ማን ይጠየቃል ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። እኔ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ ምዬ መለስሁልሽ። አሁን ተራው ያንቺ ነው። ማንም ሳይነካው ለሞተው ልጅ ማንን ልጠይቅ? መልሱን ለእኔ አትንገሪኝ። ሙስሊማ ፊት ቁጭ ብለሽ፣ ዓይኗን እያየሽ ትነግሪያታለሽ።

ላንቺ ገና ያልማልሁልሽ፣
አባትሽ ጠሃ
ጅጋ