ለተዝካርህ የቆመው ቦራ

ለልጄ አባት ለአለምነህ፤

ከተለየኸን ይኸው ዓመት ሞላ። ፍልሰታ ዳግም ገብታ ወጣች፤ እኛም አለን፣ መኖር ከተባለ። ደክሞኛል፣ አለምነህ። የማክሰኝት ወሬ ከሰማይ ቤትም የሚደርስ ከሆነ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ይሁን ብዬ ነው የምጽፍልህ። ተዝካርህን አልደገስኩም። ለሙት ዓመትህ ያቆምነውን ቦራ በሬ ሸጥኩት።

ቆይ፣ አትቆጣ። መጀመሪያ ስማኝ።

ልጃችን ትርንጎ ስኳር ይዟት ሐኪሞቹ ኢንሱሊን የሚባለው መርፌ ዕድሜ ልኳን ነው፣ አንድ ቀን አይታለፍም ያሉን ጊዜ ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። መድኃኒቱን ግን በነጻ ይሰጡን ነበር። በየወሩ ጎንደር ሄደህ፣ ማኪናው ውስጥ ሙቀት እንዳይነካው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ፣ እንደ ጫጩት አቅፈህ ታመጣዋለህ። ማቀዝቀዣ የለን፤ ነርሷ በመከረችህ መሠረት ጓዳ ጥግ ማሰሮ ቀበርህ፣ አሸዋ ሞላህበት፣ ብልቃጡን ከመሀል አስቀመጥህ። ጠዋት ጠዋት አሸዋውን ውኃ አጠጥተህ፣ እጅህን ከተህ ቅዝቃዜውን ፈትነህ፣ ሸጋ ነው ሳትል ወደ እርሻ አትወጣም ነበር። እኔማ ሽንኩርት ተክለሃል ወይ እያልኩ እስቅብህ ነበር። ምነው ያን ጊዜ ባልሳቅሁ።

ዘንድሮ ነገሩ ተገለባበጠ። መጀመሪያ የወሩን ግማሽ ሰጡን። ቀጥሎ መድኃኒቱን ይደጉም የነበረው በጀት ተቋርጧል ተባልን። የጤና መድን ካርዳችንን ባሳይ፣ መድኃኒት የሚያድለው ልጅ ካርዱ እንደሚሠራ፣ የሌለው መድኃኒቱ እንደሆነ፣ ከውጭ መግዛት እንዳለብኝ ነገረኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሲናገር ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። በጀቱን ማን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚያቆም እኔ ምን አውቄ። እኔ የማውቀው የጓዳዬን ማሰሮ ነው።

ከውጭ ገዛሁ። ጤፉ አለቀ፣ ዶሮዎቹ አለቁ። ትርንጎም የእኔን መንከራተት አይታ፣ ብልጥ መሆኗ ነው፣ ሳትነግረኝ የምትወጋውን መጠን ቀነሰች። መድኃኒቱ እንዲበረክት ብላ ነው። ውኃ ብትጠጣ አልረካ አለች፤ ትንፋሿ ተለወጠ፤ ከትምህርት ቤት ተሸክመው አመጡልኝ። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስኳት። ተረፈች፣ የባሰ አታምጣ። ስመለስ ቦራው ደጃፍ ቆሞ ያመሰኳል። ከጥጃነቱ ጀምረህ ያሳደግኸው፣ ግንባሩን እያሸህ የምታወራው በሬ። አየሁት፣ አየኝ። በገበያው ቀን ነድቼ ወሰድኩት፤ እስከ ገበያው ድረስ አለቀስኩ።

ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድምህ አያ ጌጡ ዘመዱን ሁሉ ጠርቶ ከሳንጃ መጣ። የሚታረድ የለም። ተቆጣ። የልጅቷን ሕመም ለዘመድ እንዳናወራ፣ ነገ ማን ያገባታል ብለን የተማከርነው እኔና አንተ ነን፤ ስለዚህ ምክንያቴን መናገር አልቻልኩም። ንፉግ ተባልኩ። ባሏን እንደ ዘመድ የለሽ ጣለችው ተባልኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ለንስሐ አባታችን ብቻ ነገርኳቸው፤ ጸሎቱን እኛ እናደርሳለን፣ ድግሱን አንቺ ታውቂያለሽ ብለው ተዉኝ። አልገሰጹኝም፣ አላጽናኑኝም።

በዕለቱ ፍትሐቱ ደረሰ። ጌሾው አስቀድሞ ተወቅጦ ነበርና ጠላ አላጣንም፤ ከሱ ጋር ንፍሮ አቀረብኩ። አያ ጌጡ ግን ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጠ፤ ንፍሮውን አልነካም። እኔ የምገባበት ጠፍቶኛል። ያን ጊዜ ትርንጎ ያን ከባድ ማሰሮ ከጓዳ ነቅላ፣ ታቅፋው መጥታ ከአያ ጌጡ እግር ሥር አስቀመጠችው። ብልቃጡን ከአሸዋው አወጣች፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ ክንዷን ገልጣ ተወጋች።

«አያ ጌጡ፣ የአባዬ በሬ እዚህ ውስጥ ነው» አለችው።

ያን ሁሉ ዘመን የደበቅነው ነገር በአንድ መርፌ አለቀ። አያ ጌጡ ማሰሮውን ብዙ አየው። ከዚያ ንፍሮውን ዘግኖ ነፍስ ይማር አለ፤ እያለቀሰ በላ። ሲሄድ ምነው አልነገርሽኝም ብሎ ወቀሰኝ። ሰሊጡ ሲታጨድ ለመድኃኒቷ የምችለውን አያለሁ ብሏል። ሰሊጥ ደግሞ የዝናብ ነገር ነው፣ አንተ ታውቃለህ።

ቦራውም ያልቃል፣ አለምነህ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምሸጥ አላውቅም። በጀቱ ይመለሳል የሚል አለ፤ አይመለስም የሚልም አለ። እኔ መጠየቅ ሰልችቶኛል።

ድግስህን ቀምቼሃለሁ፤ መታሰቢያህን ግን አልቀማህም። ትርንጎ ቆማ እስከሄደች ድረስ ማሰሮህን ጠዋት ጠዋት እኔ አጠጣለሁ፣ ስምህንም እጠራለሁ። ዛሬም እጄን ከትቼ ፈተንኩት።

ሸጋ ነው።

የትርንጎ እናት