እግሩ አንቺን መስሏል

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጤናሽስ? ብርድ ሲመጣ የሚጠዘጥዝሽ ትከሻ ዘንድሮ ማረሽ ወይ? ሾፌሩ ባልሽስ መንገዱ ቀናው? አማትሽ አሁንም በሩ ሲንኳኳ ከሁሉ ቀድመው «ማነው?» ይላሉ? መንትዮቹ ጥርስ አወጡ? እኛ በሕይወት አለን። ደህና ያልሆነውን ከታች እነግርሻለሁና አትደንግጪ፤ ማንም አልሞተም፣ ማንም አላረገዘም። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክሽን ቀድመው የሚያነሱት አማትሽ ስለሆኑ ነው። ይህን ገጽ ብቻሽን አንብቢው።

ነገሩ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። አምና ድምፅ ይሰማኛል እያለ የስፌት ቤቱን መጋዘን ከውስጥ ቆልፎ አልወጣም ያለውን ታውቂያለሽ። መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ተመስገን ነው፣ ድምፁ ጠፋ። ተመልሶም ከእኔ ጋር ሥራ ገባ፤ እሱ ይሰፋል፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ።

እና ምን ሆነ መሰለሽ? ልጁ ሥራ ወዳድ ሆነ! በእግር በሚረገጠው አሮጌ የስፌት መኪና ላይ ከተቀመጠ የሚያስነሳው የለም። ሌላው ሻይ ሲጠጣ እሱ ይረግጣል። ክር ሲያልቅበት እንኳ እግሩ ባዶውን ይረግጣል። ሜትር ከአንገቱ ስለማይወርድ «ጋሽ ሜትር» የምንለው አለቃችን በደስታ ሊሞት ነው። «ሰው ማለት ይኼ ነው! እናንተ ወገቤን፣ እጄን ስትሉ ትውላላችሁ» እያለ በእሱ ይሰድበናል። ሴቶቹም «እስቲ ከመድኃኒቱ ለባሌም አምጪልኝ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ደግሞ ኮራሁልሽ። ታመመ ሲባል የሸሹት ሁሉ ይዩት ብዬ አንገቴን ቀና አደረግኩ።

ጋሽ ሜትር ሊሸልመው ብሎ ሞተር ያለውን አዲሱን መኪና ሰጠው። እሱ ደግሞ ጉልበት አይፈልግም፤ መርገጫውን ጫን ሲያደርጉት ይበራል። ወንድሜ እንደለመደው ረገጠ። መኪናው እንደ ደነበረ በሬ ሮጦ እጅጌውን ከአንገትጌው ጋር ሰፋው! እንደገና ሞከረ፣ ኪሱን ደፈነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ብድግ ብሎ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ይዞር ጀመር። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ዞረ። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ።

ወጥቶ ሲሄድ ተከትዬ ደረጃው ላይ ደረስኩበት። «ትጉህ የሆንኩ መሰለሽ?» አለኝ። «እግሬን ውስጥ ውስጡን የሚበላኝ ነገር አለ፤ ስረግጥ ትንሽ ይተወኛል። ዝም ብዬ ስቀመጥ ከቆዳዬ መውጣት ያምረኛል።» ከዚያም መድኃኒቱን ሽንት ቤት ሊደፋው እንደቆረጠ ነገረኝ። ከዚህስ ድምፁ ይሻለኛል አለ። እትዬ፣ ያ መጋዘን በዓይኔ መጣ።

ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አልቅሼ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ገና ቁጭ ብድግ ሲል አይታ ገባት። የመድኃኒቱ ጣጣ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ እናየዋለን አለች። በድንገት ካቆምከው ግን ሕመሙ ሊመለስ ይችላል ብላ መጠኑን ቀነሰችለት፤ እግሩን የሚያስታግስ ነገርም ጨመረችለት። ቀጥላ፣ ከዘመድ እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስዶ እንዲህ የሆነ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ወንድሜ «የለም» አለ።

እኔ ግን አንቺን አሰብኩ። ልጅ ሆኜ ጸጉሬን ስትሠሪኝ አንድ ቦታ አትቆሚም፤ እየዞርሽኝ ነበር የምትጎነጉኚኝ። ሰዉ «እግሯ ሥር ረመጥ አለ» ሲልሽ፣ አንቺ ለእኔ ብቻ «የሚወጉኝ መርፌ ነው እንዲህ ያደረገኝ» ብለሽ በጆሮዬ ነገርሽኝ። ስለዚህ አንዲት አክስት አለችን አልኳት። ስምሽን አልጠራሁም። ወንድሜ ግን ወዲያው አወቀሽ። «እትዬ? እትዬ እኮ ጤነኛ ናት!» ብሎ ሲያፈጥብኝ ዓይኑን ባየሽው! ከስንት ጊዜ በኋላ ዓይኑ ውስጥ ሰው አየሁ።

ሐኪሟ እንዳስረዳችን የአንዳንዱ ሰው ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ ይፈጨዋል፣ የአንዳንዱ ቀስ ይላል። በቀስተኛው ሰውነት መድኃኒቱ ይጠራቀምና ለሌላው ልክ የሆነው ለእሱ ይበዛበታል። ይህ እንደ መልክ በዘር ይወርዳል። ሌላም በዘር የሚመጣ፣ ገና ተጠንቶ ያላለቀ ምክንያት አለ አለች፤ ዘር ብቻውን ግን አይወስንም፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠንም አለበት። ደሙን ወስዳ ለምርመራ ልካለች፤ እሱም አቅጣጫ ያሳያል እንጂ እንደ ጠንቋይ ሁሉን አይናገርም ብላ አስቃናለች። አደራ፣ «ከእኔ ወረሰው» ብለሽ እንዳታዝኚ። ሁለታችሁም ከአንድ ምንጭ ቀድታችሁ ይሆናል፤ ምንጩ ደግሞ እኔንም አጠጥቶኝ ይሆናል።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ያ መርፌ ምን ይባል ነበር? ሲቀየርልሽ ወይስ ሲቀነስልሽ ነው እግርሽ ያረፈው? ማክሰኞ ሳምንት ቀጠሮ አለን፤ መድኃኒቱ ይቀየር አይቀየር የሚወሰነው ያኔ ነው። ባልሽ ታመሽ እንደነበር እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ ንገሪው አልልሽም፣ የትዳርሽን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ። ብቻ ገበያ ስትወጪ ለወንድሜ ደውዪለት። ከእትዬ እስክሰማ መድኃኒቱን እውጣለሁ ብሎኛል። የእኔም የሐኪሟም ምክር ለእሱ ከሩቅ የሚመጣ ነው፤ እኛ አልቀመስነውማ።

ሰላምታውን በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ፤ እሱን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ለሾፌሩ አጎቴ፦ መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ይሁንልህ፣ ፍሬንህም አይክዳህ። ለአማትሽ፦ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ የሰፋሁላቸው ሻሽ ልክ ከሆነ ሌላ እልካለሁ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ የምታለቅሰዋን ሁለት ጊዜ። ጋሽ ሜትር ሳያውቅሽ ሰላም ብሎሻል። ወንድሜም እጅ ይነሳል፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ ብሏል፦ «እትዬ፣ አሁን ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ?»

የወንድምሽ ልጅ፣ ቁልፍ ተካይዋ
ከስፌት ቤቱ በላይ ካለው ክፍላችን፣ እሑድ ከሰዓት፣ የካቲት 9