ግድግዳሽን ያፈረስኩት እኔ ነኝ

ደጀን ላለሽው የልጅ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የከባድ መኪናው አቧራ ጉሮሮሽን ለቀቀልሽ ወይ? ሱቁስ ገበያ አለው? እኔ አለሁ፤ የጎደለውን ጥርሴን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ዐዋጅ ይሰማ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ በወይዘሮ አከራይ ግቢ ነዋሪ የሆነው ቀዩ አውራ ዶሮ፣ በጽኑ ውጊያ ላይ ሁለት ጣቶቹን አጥቷል። ሐዘኑ የመላው ሰፈር ነው።

ወይዘሮ አከራይ ያልኩት አንቺን ነው፤ አትኮሳተሪ። በስልክ ላስረዳሽ ስል፣ ማን ሰበረው፣ ማንስ ያሠራዋል ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ደብዳቤ አይዘጋም። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽም ታግሠሽ አንብቢው።

ቅዳሜ ነበር፤ ሰፈሩ ገበያ ወርዷል። ተከራይሽ ዜማ ልብሷን አጥባ ገብታለች። የፈታችው ባሏ ይስማው ከደምበጫ መጥቶ በሩን በእርግጫ ነረተው። በእጁ መጥረቢያ ይዟል። ውጪ፣ ካልወጣሽ እዚያው እከትፍሻለሁ ይላል። ሽመሌን ይዤ ወጣሁና፣ ልጄ፣ ቤቱ የሰው ነው፣ ከማፍረስህ በፊት አከራይዋን ብታስፈቅድ ምናለ አልኩት። ሳቅ ያበርደዋል ብዬ ነበር። በክርኑ ደረቴን ብሎ ከጓሮው ጎመን ላይ ዘረረኝ።

ከዚያ መጥረቢያው የበርሽን ቆርቆሮ ይበላው ጀመር። ስለቱ በወዲያ በኩል ብቅ ይላል፤ ሲነቅለው ቆርቆሮው እንደሚታረድ ፍየል ይጮኻል። ዜማ ወደ መስኮቱ ሮጠች። መስኮቱ ላይ ደግሞ አንቺ ለሌባ ብለሽ ያስበየድሽው ብረት አለ። ሌባ አያስገባም፤ ልክ ነሽ። ሰውም አያስወጣም። እጇን በብረቱ መካከል አውጥታ አባባ፣ አባባ ስትለኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለች።

የእኔና የእሷ ክፍል የሚዋሰንበትን ግድግዳ ታውቂዋለሽ፤ እሷ በርበሬ ስታቁላላ የማስነጥሰው እኔ ነኝ። ገብቼ ዶማዬን አነሣሁና ጭቃውን ፈለጥኩት። ማገሩ እንቢ ሲለኝ በትከሻዬ ሰበርኩት። እንግዲህ ግድግዳሽን ያፈረሰው ይስማው አይደለም፤ እኔ ነኝ። በጸጉሯም በብብቷም ይዤ ስጎትታት ፊቷ በማገሩ ስንጥር ተቦጭቆ ደም በደም ሆነ። እግሯ ገና ወዲያ ሳለ በሩ ወደቀ። ይስማው ዘሎ ገብቶ መጥረቢያውን ቀዳዳው ላይ አወረደው። ያን ጊዜ ነው ያ ቀዥቃዣ ዶሮ ከየት እንደመጣ እንጃ መሐል የገባው። መጥረቢያው የዜማን ቁርጭምጭሚት ስቶ የዶሮውን ጣቶች ወሰደ። ደሙ እስከ ጣራው ተረጨ።

ዳግም ሊያነሣ ሲል ባለሱቁ ያሕያ በሩን የሚቀረቅርበትን ብረት ይዞ ከኋላው ደረሰ። ትከሻውን ሲለው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ እኔ ከሰማሁት መቼም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። አንደኛው ትከሻው ተሰብሮም በሌላው እጁ መጥረቢያውን ሊያነሣ ይዳክር ነበር። በገመድ አስረን ለፖሊስ ሰጠነው።

በሳምንቱ የይስማው አባት ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ደጃችን ተንበረከከ። በሩንም ግድግዳውንም እናሠራለን፣ ዜማ ግን ክሷን ትታ ወደ ባሏ ትመለስ አሉ። አንቺም በስልክ፣ አባባ፣ የሚያሠራ ከተገኘ እሺ ይበሏቸው፣ ጠብ የሚከተላት ተከራይ አልፈልግም ብለሽኛል። ዜማን አየኋት። ሻሿን ወደታች ስባ ቁስሏን ሸፈነች።

በዕድሜዬ ድንጋይ የተሸከመ ሰው መልሼ አላውቅም። ሰውዬው አባት ነው። ወንድሜ፣ ሸክምህን አውርድ፤ ልጅህ ግን ዳኛ ፊት ይቁም፣ እሷም ከዚህ ጣራ ሥር አትወጣም አልኩት። እያለቀሰ ሄደ። እኔም አለቀስኩ። ድንጋዩን ግን አስቀረሁት፤ ለግድግዳሽ መሠረት ልክክ አለ።

ጭቃውን ዜማ ረገጠችው፣ ጭዱን ያሕያ አመጣ፣ እኔ ተቀምጬ አዘዝኩ። የመስኮቱን ብረትም አስፈትቼዋለሁ፤ አሁን በሩን ከውስጥ ይደግፋል። በሩ ተጣጥፎ ተለጥፎ ቆሟል። የጎደለ ወጪ ካለ ከቀለቤ ቁረጪ፤ ጥርስ የሌለው ሰው ምን ይበላል? ዜማን ግን አታስወጪብኝ። ከወጣች የምትገባበት የይስማው ቤት ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሚጠገን በር አይኖርም፤ የሚቆፈር ጉድጓድ ነው እንጂ።

ሱቅሽን ገበያ አይራቀው፣ ደጅሽን መጥረቢያ አይውቃው፤ ያሳደገሽ አምላክ በአያትሽ ዕድሜ ላይ ጨምሮ ይስጥሽ።

አንዲት ነገር ፈጥሬ ጽፌያለሁና ላርማት። ዶሮው ደኅና ነው፤ ጣቶቹም ሙሉ ናቸው፤ ዛሬም ጎህ ሳይቀድ እየጮኸ ቀስቅሶኛል። ስትመጪ ቀኜን ትቼ ግራ እጄን ስዘረጋልሽ፣ አባባ ሰላምታ ጠፋባቸው እንዳትዪ። ይህንንም የጻፍኩት በእሱው ነው።

የእናትሽ አባት