የማንጎው ወተት

ትዕግሥትዬ፣

አሶሳ ላይ ማንጎ እንደኛ ሰፈር በጁስ ብርጭቆ አይመጣም፤ ዛፉ ሥር ቆመሽ ነው የምትበይው። ትናንት ለሥራ በመጣሁበት ጤና ጣቢያ ለእናቶች "የወቅቱ ፍሬ ፊት ያጠራል" እያልኩ ሳስተምር ውዬ፣ ለሠርጌ ይሆነኛል ብዬ አራት ማንጎ በጥርሴ እየላጥኩ በላሁ። ቤታቸው ያረፍኩባቸው እትዬ ሸዋሉል ደንግጠው፣ "ምነው ልጄ! ከመቀጠፊያው የሚወጣውን ወተት አንጠፍጥፈሽ፣ አጥበሽ እንጂ! ያቃጥላል እኮ!" አሉኝ። ይኸው ዛሬ ከንፈሬ አብጦ፣ አገጬ ሽፍ ብሎ ተቀምጫለሁ። ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀረው፤ ባይጠፋልኝስ? መስታወቱን አስቀምጬ መልሼ አነሳዋለሁ።

እማዬን ሳሚልኝ፤ ለሙሽራው ምንም እንዳትተነፍሺ። ይህ ፖስት ካርድ ከቀደመኝ ቅዳሜ መናኸሪያ ጠብቂኝ፤ በነጠላ ተሸፋፍኜ ከወረድኩ፣ ምንም ሳትጠይቂ በጓሮ በር አስገቢኝ።

ያንቺው ብዙወርቅ